አራት ጉድጓድ ለአንድ ቧንቧ

ሰኞ 3

ቆጣሪው አብዷል። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ፣ የመጸዳጃው ሳይቀር ተዘግቶ፣ ያቺ ቀይ መርፌ ትሽከረከራለች። ከመሬት በታች የሆነ ቦታ ላይ ቧንቧችን ተሰብሯል ማለት ነው። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ያሳዝናል። በእኛ ቤት ግን ያስቃል፤ ባሌ የውሃ ቢሮው ጆሮ ነውና።

እንጀራው ይኸው ነው። ጫፉ እንደ ስኒ የጎደጎደ ረጅም የብረት ዘንግ አለው። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ይተክላል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ከአስፋልት በታች የሚያፈስሰውን ውሃ ሰምቶ በኖራ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ቆፋሪዎቹ ይቆፍራሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠራበት። ቢሮውም ሰፈሩም «ጆሮው» ነው የሚለው፤ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን።

«እስከ ቅዳሜ አገኘዋለሁ» አለ።

እሰይ አላልኩትም። እሰይ ማለት ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምክንያቱን ልጻፈው፣ ደብተሩም ይወቀው። እኔ የምሠራው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ የምጠራው እኔ ነኝ። ድርጅቱ ሌላ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ለሁለት ዓመት ኃላፊ ሁኚ አለኝ። ያን ዕለት ምሽት ሳህን እያጠብኩ ነገርኩት። «አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም» ብዬ ጭምር ነገርኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደንግጫለሁ። ያጠብኩትን ሳህን ተቀብሎ አደረቀና ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዶ ተቀመጠ። ሂጂ እንኳ አላለም። በማግስቱ ፈረምኩ። የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ እሄዳለሁ።

አውቶቡስ ስጠራ አምስት ሺህ ሰው ይሰማኛል። አንድ ባል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ረቡዕ 5

ግፊት የለም። ሻወሩ ያለቅሳል እንጂ አይፈስም። ፀጉሬን በጆግ ታጠብኩ፣ ግማሹ ሳሙና እንዳለ ሥራ ገባሁ። የትኬት ቆራጯ «አሮጊት መሰልሽ» አለችኝ። ሳሙና ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ቅዳሜ 8

የሚያዳምጠው ጎህ ሲቀድ ነው፤ መኪና ሳይበዛ። በመስኮት አየሁት። ከላይ ፒጃማ፣ ከታች የሥራ ቦት ጫማ፣ ዘንጉን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ድሮ እንዲህ ሳየው ልቤ ይቀልጥ ነበር። ምጥ የሚጠብቅ አዋላጅ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያየሁት ጫማውን ብቻ ነው፤ ያን ጭቃ ይዞ እንዳይገባብኝ።

የውጭው በር አጠገብ ኖራ ረጨና እስከ ቀትር ቆፈረ። ቧንቧው ተገኘ። ጤነኛ ነው፣ ከእኔም ከእሱም ይልቅ ጤነኛ። አፈሩ ደረቅ።

«ድምፅ አንዳንዴ ይሸውዳል» አለ።

ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ተሸወድኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው፤ ግን ትንሽ ደስ አለኝ።

እሁድ 9

ታናሽ እህቴ ደወለች።

«እትዬ፣ ሰውዬሽ እስካሁን ምንም አላለም?»

«ቁፋሮ ላይ ነው።»

«አንቺን ለመቅበር?»

«ቧንቧ ተሰብሮ ነው።»

«እንደገና ጠይቂዋ።»

«አንዴ ጠይቄዋለሁ። ሁለቴ አልጠይቅም።»

«ምነው፣ ንግሥት ነሽ?»

ዘጋሁባት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ተረት የተረተችው ባሏ ዝም ያላት ሴት እንዳልሆነች ግልጽ ነው።

ማክሰኞ 11

ሁለተኛው ጉድጓድ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር። ደረቅ።

ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ጥፍሬ ይገባበታል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ «ወጥ ቤቱ ሊወድቅ ነው» አልኩት። ዞር አለና ፈገግ ብሎ «ጥሩ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሙልጭ አድርጎ ንቆኛል።

ለቢሮህ ንገርና ሰው ይላኩልህ ስለው ደግሞ፣ ገበያ መሀል ልብስህን አውልቅ ያልኩት ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ። «የቢሮ ሰው ግቢዬን አይረግጥም» አለ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ለባሏ ስትል ሰማሁ፦ «የኛን ሽጠው፤ ዜናውን ከነሱ ቤት እንሰማለን።»

ምሽት ላይ ጮኽኩበት። ስለ ምን እንደሆነ ልጽፈው ያሳፍራል፤ ስለ ማንኪያ ነው። ስለ ማንኪያ ጮኼ ስለ ራሴ ጉዳይ ዝም ማለቴ ብልህነት መስሎኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው አልመሰለኝም።

ዓርብ 14

ሻንጣ ገዛሁ። ትልቅ፣ ሰማያዊ። እንዲያየው ብዬ ኮሪደሩ መሀል ገተርኩት። በጎን አለፈው። ሲመለስ በጉልበቱ ገጨውና «ይቅርታ» አለው። ለሻንጣው ነው ያለው። ለእኔ እንዲህ ያለ ጨዋነት ካየሁበት ቆይቷል።

ሥራ ላይ ደግሞ የሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ከአምስተኛው በር ይነሳል ብዬ ጠራሁ። አምስተኛው በር መጸዳጃ ቤት ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው ጓዙን ተሸክሞ መጸዳጃ ደጃፍ ተሰለፈ። አለቃዬ «ከመሄድሽ በፊት ልታጠፊን ነው?» አለኝ።

እሁድ 16

ሦስተኛው ጉድጓድ። ልብስ ማስጫዬ ሥር። ግቢው አሁን ፍልፈል የሰፈረበት ይመስላል። እኛም በዚህ ዕድሜያችን ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ።

ደግሞ ዛሬ ሌላ ጉድ። አፈሩን በጋሪ ወደ ውጭ እየገፋ መንገዱ መሀል ቆሟል። የጎረቤቴ ባል መኪናውን ይዞ ከኋላው መጣ። ጥሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። የኔ ጀግና ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ወርዶ ትከሻውን ሲነካው ነው ዘሎ ዞር ያለው። ከዕድሜ ጋር እንዲህ የሚብስ ትዕቢት አይቼ አላውቅም። በእሱ ፈንታ እኔ አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ።

አሥራ አምስት ቀን ቀረኝ።

ማክሰኞ 18

ጢሞ መጣ። ጢሞ የባሌ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ዞረዋል። ስሙን ያገኘው አፉን ጠቅላላ ከሚሸፍነው ጢሙ ነው፤ ሲበላ እንኳ የት እንደሚያስገባው አናውቅም ነበር። ዛሬ በር ስከፍትለት አላወቅኩትም። ጢሙ የለም። ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

«ምን ነካህ?» ስለው «ሞቀኝ» አለ። ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አልሞቀውም እንዴ።

ሦስቱን ጉድጓዶች ዞሮ አየ። ከባሌ ጋር ሲያወራ ዓይኔን ሳበው፤ ፊት ለፊቱ ይቆማል፣ አፉን ፊደል እንደሚያስቆጥር አስተማሪ አንድ በአንድ ይከፍታል። ባሌ ይስቃል፣ ይመልሳል። ለእኔ ሁለት ወር ያጣውን ወሬ ለጢሞ በሩብ ሰዓት ዘረገፈው። ቀናሁ። በተላጨ ሽማግሌ ቀናሁ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «አንቺስ ዘንጉን ሞክረሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስቄ ሸኘሁት።

ሐሙስ 20

ስንጥቁ ጣት ያስገባል። የወጥ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት።

«ስንጥቅ እያየ የሚቆፍር ግንበኛ ነው» አለኝ። «እኔ የምቆፍረው የሰማሁበት ነው።»

ሻንጣውን ግማሽ ሞላሁ።

ቅዳሜ 22፣ ማታ

ረጅም ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢበላሽ አይፈረድብኝም።

ጠዋት የመጋዝ ምላጭ ሊገዛ ወጣ። ዘንጉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። የጢሞ ነገር ከንክኖኛል። አነሳሁት። መጀመሪያ ስኒውን መሬት ላይ ተክዬ ቀጭኑን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ ለመክተት ሞከርኩ፤ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። ገለበጥኩት። የውጭው በር ጋ፣ ዝም። መስኮቱ ሥር፣ ዝም። ልብስ ማስጫው ጋ፣ ዝም። ከዚያ ወጥ ቤቱ ጥግ፣ ስንጥቁ ሥር ተከልኩት።

ጆሮዬን ነቅዬ ልጥል ምንም አልቀረኝ። ይጮኻል። መጥበሻ ላይ ሽንኩርት እንደተጣለ ይንጫጫል። ይህን ለመስማት ሃያ ስድስት ዓመት አያስፈልግም፤ ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚያው ቆሜ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ሲመለስ ምንም አልነገርኩትም። ወጥ ቤት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ድንች መላጥ ጀመረ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንተ» አልኩ። ድንቹን ይልጣል።

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው።» ይልጣል።

«ጎረቤታችን አማረችህ መሰለኝ።» ልጣጩን አነሳ፣ ባልዲ ውስጥ ጣለ።

«አንተ ደንቆሮ» አልኩ በመጨረሻ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስድብ መሆኑ ቀረ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ያኔ ዞር ብሎ አየኝና «መጣሽ እንዴ?» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ስለዚያ የሳህን ምሽት አሁን አላስብም። ሌላ ቀን አስባለሁ። ቧንቧው ክፍት ነበር። ውሃው ይንሿሿ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። አላስብም አልኩ።

እሁድ 23

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ባዳነቱ ለካ ለሚስትም ይተርፋል።

ተናድጃለሁም። አብሮኝ እየበላ፣ አብሮኝ እየተኛ ይህን ያህል ደበቀኝ። ደግሞ እኔስ? ቴሌቪዥኑን ሰምቻለሁ፣ ጥሩምባውን አይቻለሁ። ሁሉንም ትዕቢት ነው ብዬ በዚህ ደብተር ላይ አሳምሬ ጽፌዋለሁ። ባሏ ደንቁሯል ከማለት ባሏ ንቋታል ማለት የቀለላት ሴት ምን ትባላለች? ስም አጣሁላት።

ማክሰኞ 25

በምሳ ሰዓት ጢሞን ከቢሮው በር ላይ ያዝኩት።

«ጢምህን ለምን ተላጨህ? እንዳትዋሸኝ።»

መሬት መሬት አየ። «ከንፈሬን እንዲያይ» አለኝ። «ጢሙ ከለከለው። ቃሌን እየገመተ ይሳሳት ጀመር።»

ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጢሞ ይሰማል፣ የኔው ያሰላል። ጢሞ ድምፁን በእጁ ምልክት ይነግረዋል፣ እሱ ቦታውን ያውቃል። ባለፈው ወር ጢሞ ታሞ ሲቀር ብቻውን ወጣ። አንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ምልክት አደረገ፣ መንገዱ ተቆፈረ፣ ምንም የለም። አለቃው «አረጀህ እንዴ?» አለው በሰው ፊት።

«ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ራሱን እየፈተነ ነው» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ ወድቋል» አለ ጢሞ። «አንቺ ነሽ የቀረሽው፣ እህቴ። እኔ ልነግረው አልቻልኩም። ጢሜን መላጨት ቀለለኝ።»

አቅፌው አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ዓርብ 28

ፈቃድ ወሰድኩ። ጎህ ሲቀድ ቀድሜው ወጣሁና ዘንጉን ይዤ ግቢው መሀል ቆምኩ። በፒጃማው መጣ። ሲያየኝ ቀጥ አለ። ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ።

«እኔ እሰማለሁ፤ አንተ ትነግረኛለህ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

አፌን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሦስተኛው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?»

«ከቅዳሜ።»

«እኔ ሁለት ዓመቴ።» አፈር አንስቶ በተነ። «ሁሌ ሽሽሽ ይላል። የትም ብተክለው ይፈሳል፣ በሩ ጋ ይፈሳል፣ መስኮቱ ጋ ይፈሳል። ትራስ ላይም ይፈሳል። መሬት ውስጥ አይደለም ለካ፤ እኔ ውስጥ ነው።»

እኔ የምለው ሲጠፋኝ እሳደባለሁ። «አንተ ግትር፣ አንተ አህያ» አልኩት፤ ከንፈሬን አይቶ ሁሉንም አነበበው። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን።

«ምን ይላል?»

«ሽሽሽ።»

«ሽሽሽ ሁሉም ይላል። ቀጭን ነው ወፍራም?»

«እንደ እህቴ ወሬ። ቀጭን፣ የማያልቅ።»

«ሩቅ ነሽ። ወደ ግድግዳው።»

«አሁን ዘይት ላይ ሽንኩርት ሆነ።»

«ሥሩ ጉብ ጉብ የሚል አለ?»

ትንፋሼን ያዝኩ። አለ። እሱ ካልነገረኝ በቀር በሕይወቴ አልለየውም ነበር።

«እሱ ውሃው ድንጋይ ሲመታ ነው። ለዚህ ነው ላይ የማይወጣው፣ ከመሠረቱ ሥር ባለው ድንጋይ መሀል እየሰረገ ይሄዳል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ። አሁንስ?»

«ጆሮዬን ነደለኝ።»

ኖራውን ረጨ። ክንድ ተኩል ያህል ሲቆፍር ቧንቧው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ውሃው ፊቱን መታው። አንድ ጣት የማትሞላ ስንጥቅ ናት። ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ ቆርጦ፣ ቀይሮ ሲጨርስ አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም። መዝጊያውን መልሶ ሲከፍት ሄጄ ቆጣሪውን አየሁ። ቀይዋ መርፌ ቆማለች።

ምሳ ላይ «ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ» አለ። «ወይ ካርታ ክፍል ያስቀምጡኛል፣ ወይ ያሰናብቱኛል። ሐኪም ጋም እሄዳለሁ።» ፈርቷል። እጁን ያዝኩት። ስለ ሳህኑ ምሽት ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ሻንጣው አሁንም ኮሪደሩ ላይ ነው።

እሁድ 30

አራቱንም ጉድጓዶች ደፈናቸው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡሴ ይነሳል። ጠዋቱን ሙሉ ልብስ አጥፌ ስፈታ፣ አጥፌ ስፈታ ዋልኩ።

ቀትር ላይ ወጥ ቤት አስቀመጥኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የግድግዳው ስንጥቅ ያስገባው ብርሃን አፌ ላይ ነበር።

«ሁለት ወር ሆኖኛል አንድ ነገር ከነገርኩህ። ሳህን እያጠብኩ።»

«አንድ ነገር እንዳልሽ አውቃለሁ» አለ። «ትከሻሽ ሲነሳና ሲወርድ አይቻለሁ። ትልቅ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ድገሚልኝ ብልሽ ታውቂብኛለሽ። ነገ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሻንጣው መጣ። ልትተይኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ አላወቅኩም።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ጉድጓድ ትቆፍራለህ?»

«ሌላ ምን እችላለሁ?»

እኔም እውነቱን ለደብተሬ ልናዘዝ። ያን ምሽት ሳህን ላይ ያቀረቀርኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። «ሂጂ» ሲለኝ ፊቱን ላለማየት ነው። ለአምስት ሺህ ሰው በድምፅ ማጉያ የምለፈልፍ ሴት፣ ለአንድ ሰው ፊት ለፊት መናገር ፈርቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ተናገርኩ። መልሱን ስላጣሁ ደግሞ ሁለት ወር ፈረድኩበት።

ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። ቅርንጫፉን፣ ሁለት ዓመቱን፣ መፈረሜን፣ የነገውን አውቶቡስ። አንድ በአንድ፣ ጢሞ እንደሚያደርገው። የመጨረሻው ላይ ድምፄ ተቆረጠ፤ ደግነቱ ድምፅ አያስፈልገውም፣ ከንፈሬ ብቻ በቃው።

«አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም» አልኩት።

ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «አትሂጂ» አለ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው ይጮኻል፤ መስኮቱ ነዘረ። እኔ በደንብ ሰምቻለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ጥርት ብሎ የተሰማኝ ነገር የለም።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«አትሂጂ።»

«እህ?»

«አትሂጂ አልኩሽ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ አትሂጂ ብሎሻል እኮ። እኛም ሰምተናል።»